ግጭት የለም ይላል

ጥቅምት 2፣ 2017፣ ቅዳሜ

ሲያትል፣ ቼሪ መንገድ፣ ከቡና በኋላ። ፀሐይ አለ፣ ሙቀት የለውም። ጋሼ ላፕቶፓቸውን በጋቢ ጠቅልለው መጡ።

በጋራ የምናዘጋጀው የአማርኛ የሕክምና ቃላት ዝርዝር ስንት ቅጂ እንዳለው የሚያውቅ ጠፋ። በኢሜይል አንድ፣ በቴሌግራም ሌላ፣ ነርሷ ፍላሽ ላይ ሌላ። «የመጨረሻ»። «የመጨረሻ የታረመ»። «ጋሼ ያዩት የመጨረሻ»። ጋሼ ይሄንን አላየሁትም አሉ።

ጊት (የፋይል ለውጥን ከነታሪኩ የሚይዝ ፕሮግራም) ይሻላል አልኩ። ኢንጂነሩ ተስማማ፣ ግን ሰርቨሩ የራሳችን ይሁን አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ ማዕቀብ የተነሳ የኢራንና የሶርያ ፕሮግራመሮች ጊት በሚያስተናግደው ጊትሀብ ላይ የገጠማቸውን ገደብ ሳያነሳ አይውልም። ነርሷ «ጎግል ዶክስ ምን አነሰው?» አለች። የባሕር ዳሩ ሐኪም ኔትወርክ በሌለበት መሥራት አለበት የሚለው መልስ አሳመናት። ወይም ደክሟት ተወችው። የሌሊት ተረኛ ነበረች።

ጎግል ዶክስ በእርግጥ አይበቃም? አላውቅም።

ጥቅምት 4፣ ሰኞ

ኢሳኳ፣ የኢንጂነሩ ምድር ቤት። በ554 አውቶቡስ ሄድኩ፤ ሐይቁ ላይ ጉም። አሮጌው ዴስክቶፕ ሊኑክስ ተጭኖበታል። ድምፁ የእህል ወፍጮ።

ኢንጂነሩ ሪፖውን (የጊት ማከማቻውን) ቀድሞ በተራ ፎልደር ከፍቶት ነበር። ከኔ ላፕቶፕ ፑሽ ሳደርግ (ለውጤን ስልክ) እምቢ አለ። እምቢታው ልክ ነው፤ አንዱ ፋይል ዘርግቶ በሚሠራበት ብራንች ላይ ሌላው ከሩቅ ሊጽፍበት አይገባም። አፍርሰን ቤር የሚባለውን ከፈትን፤ የሥራ ፋይል የሌለበት፣ ታሪኩን ብቻ የሚይዝ። ገባ።

ዝርዝሩን በፊደል ቆራረጥነው። «ሀ»፣ «ለ»፣ «ሐ»፣ «መ» እያለ እስከ «ፐ»፣ ለእያንዳንዱ አንድ ፋይል። መዝገበ ቃላት ሌላ መልክ የለውም ያሉት ጋሼ ናቸው። ደግ ነው፤ ሁለት ሰው አንድ ፋይል ላይ የመጋጨት ዕድሉ ይቀንሳል። ክፉ ጎን ካለው ገና አልታየኝም።

ጥቅምት 6፣ ረቡዕ

የፈቃድ ጣጣ። ነርሷ ትናንት ፑሽ አድርጋ ገብቶላታል። ዛሬ ተከለከለች። ማታ እንደገና ገባላት። ከዚያ ደግሞ ተከለከለች። ምንም ሳንነካ።

ምክንያቱ ሲገኝ አሳቀን። ጊት የሚያስቀምጠው ነገር ሁሉ ሃሽ የሚባል የ40 ምልክት መለያ አለው። በመለያው የመጀመሪያ ሁለት ምልክቶች ስም ንዑስ ፎልደር ይከፍትና እዚያ ያኖረዋል። 256 ፎልደር ሊኖር ይችላል ማለት ነው። ፎልደሩን መጀመሪያ ያስከፈተው ሰው ባለቤት ይሆናል። የነርሷ ጽሑፍ ኢንጂነሩ ባስከፈተው ፎልደር ላይ ከወደቀ ይከለከላል፣ ያልተከፈተ ላይ ከወደቀ ይገባል። ዕጣ ነው።

ሁላችንንም አንድ ግሩፕ ውስጥ አስገባን። ለግሩፑ የመጻፍ ፈቃድ፤ ወደፊት የሚከፈተውም ፎልደር ግሩፑን እንዲወርስ። ሪፖው የጋራ መሆኑም በራሱ ቅንብር ውስጥ ተጻፈ። እዚያው እያለን፣ የሰው ታሪክ ደምስሶ የሚገባ ፑሽ እንዳይቀበል አዘጋነው። ኢንጂነሩ «ከእኛ ማን ይደመስሳል ብለሽ ነው?» አለኝ።

ጥቅምት 9፣ ቅዳሜ

ዳግላስ-ትሩዝ ቤተ መጻሕፍት፣ 23ኛውና የስለር ማዕዘን ላይ። ውጭ ካፊያ። የነርሷ ልጅ አብሯት መጣ፤ ዩኒቨርሲቲ ነው፣ እዚሁ ተወልዶ ያደገ። አማርኛ ቀስ ብሎ ያነባል፣ ጊት ግን እንደ ውኃ ይጠጣል። ጋሼን «አንተ» ይላቸዋል። እናቱ በእያንዳንዷ «አንተ» ትሸማቀቃለች። ጋሼ «ተይው፣ ከእግዜር ጋርም የምነጋገረው በአንተ ነው» አሉ።

የፋይሎቹ ስም ስክሪን ላይ አይነበብም። «ሐ» ፋይል ተቀይሯል ለማለት ጊት 341፣ 210፣ 220 ብሎ ወደ ኋላ ባዘመመ ሰረዝ እየለየ ይጽፋል። «ሀ» ደግሞ 341፣ 210፣ 200። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ስለሆነ ሦስቱን በስምንት ቤት ቁጥር መዘርገፉ ነው። ጊት ስም ሲያሳይ ከእንግሊዝኛ ፊደል ውጭ ያለውን ሁሉ አያምንም፣ ካልነገሩት። ኮትፓዝ የሚባለውን ቅንብር ስናጠፋው ፊደሉ ወጣ። ቅንብሩ ግን በየላፕቶፑ ነው። አዲስ አበባ ያለችው ባልደረባችን ጋ ገና ቁጥር ነው።

ልጁ ለጋሼ የጊትን አመጣጥ ነገራቸው። የሊኑክስ ሰዎች ቢትኪፐር በሚባል የኩባንያ ፕሮግራም ይሠሩ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2005 ነፃ ፈቃዱ ሲነሳባቸው ሊነስ ቶርቫልድስ ኤፕሪል መግቢያ ላይ የራሱን ጀመረ። ኤፕሪል 3 ጀምሮ ኤፕሪል 7 ላይ ጊት የራሱን ኮድ በራሱ መያዝ ቻለ።

ጋሼ፦ «በአራት ቀን? ያስታውቃል።»

ጥቅምት 13፣ ረቡዕ

የ«መ» ፋይል ሙሉ በሙሉ ተቀይሯል ይላል። እያንዳንዱ መስመር። ነርሷ የነካችው «መርፌ» የሚለውን ብቻ ነው፣ ትምላለች። እውነቷን ነው። የመስመር መጨረሻ ነገር፤ ዊንዶውስ በሁለት ምልክት ይዘጋል፣ ማክና ሊኑክስ በአንድ። ለዓይን ልዩነት የለም። ለጊት ግን መስመሩ ሌላ መስመር ነው።

ጊትአትሪቢዩትስ የሚባል ፋይል ጨመርኩ፤ ማንም በምንም ቢጽፍ ሪፖው ውስጥ ሲገባ በአንድ ምልክት ይሁን የሚል። ቅንብሩ በየሰው ላፕቶፕ ሳይሆን ከሪፖው ጋር ስለሚጓዝ ይሄኛው ደስ ይላል።

በሌላ ኮሚት (በጊት የተመዘገበ ለውጥ) ደግሞ የአረፍተ ነገር መጨረሻ። አዲስ አበባዋ ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ ትመታለች፤ ሌሎቻችን አራት ነጥብን እንደ አንድ ምልክት። ገጹ ላይ ስታየው አንድ ነው። ጊት ግን የለውጥ ዓይነት ቀይና አረንጓዴ ይረጫል። ከዚያ ሁሉ ቀለም ውስጥ እውነተኛ እርማት አንድ አገኘሁ፤ «የጣፊያ» የነበረው «የቆሽት» ተብሏል። ያ ነው መታየት የነበረበት።

ጥቅምት 17፣ እሑድ

ሬይኒየር ቢች፣ ጋሼ ቤት። ከቤተ ክርስቲያን መልስ። ምስር በላሁ።

ትልቁ ዝርዝር የሳቸው ነው። ጎንደር ሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንን ሆነው ሲማሩ በእጅ የጀመሩት፤ እዚህ መጥተው ታይፕ ያደረጉት። ፋይሉን ስከፍተው የላቲን ፊደልና የሥርዓተ ነጥብ ትርምስ። በድሮ ፎንት ነው የተጻፈው፤ ዩኒኮድ ሳይመጣ፣ ወይም መጥቶ ሳይለመድ። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999፣ በ3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት ፎንት ሠሪው ሁሉ በላቲኑ ቦታ ላይ የራሱን ፊደል ይስል ነበር። ፎንቱ ከጠፋ ጽሑፉም ጠፋ። የጋሼ ላፕቶፕ ላይ ፎንቱ አለ፤ እሳቸው አማርኛ ያያሉ፣ እኔ ትርምስ። አንዱ ፊደል በሁለት ምልክት የተከፈለበትም አለ።

መቀየሪያ ፕሮግራም አብዛኛውን አወጣው። የቀረውን እሳቸው እያነበቡ እኔ ጻፍኩ። «ሐሞት፣ በሐመሩ ሐ።» «ፅንስ፣ በፀሐዩ ፀ።» «ሥጋ፣ በንጉሡ ሠ።» አንዱን እንኳ ሳይዘሉ። ድምፃቸው ተዘጋ፣ ሻይ ጠጡ፣ ቀጠሉ።

በየቃሉ መሃል ሁለት ነጥብ ያስገባሉ፣ ክፍተት የለም። ጊት ቃል በቃል አነጻጽር ሲባል ቃልን የሚለየው በክፍተት ነው። የጋሼ አንቀጽ ለሱ አንድ ረጅም ቃል ነው። አንድ ፊደል ሲታረም አንቀጹ እንዳለ ቀይ ይሆናል። ሁለት ነጥብንም ክፍተት ብለህ ቁጠር የሚል ነገር መጻፍ ይቻላል። ነገ።

ጥቅምት 24፣ እሑድ

ሌሊት ሰዓት ወደኋላ ተመለሰ። ከአዲስ አበባ ጋር ያለን ልዩነት ከ10 ሰዓት ወደ 11 ሄደ። ለአዲስ አበባዋ ይሄንን በየዓመቱ ሁለት ጊዜ አስረዳታለሁ፣ በየዓመቱ ሁለት ጊዜ ትስቃለች። አሁን የኛ ምሽት 3 ሰዓት የሷ ጠዋት 2 ነው። ጊት ኮሚቱ ላይ የሁለታችንንም ሰዓት ከነልዩነቱ ይጽፋል። እሷ ቢሮ ስትገባ የኛን ታገኛለች፣ እኛ ስንነቃ የሷን። ይሄኛው ክፍል ያለምንም ጣጣ ይሠራል። መናገር ይገባዋል።

ከቀኑ 11 ሰዓት ሳይሞላ ጨለመ። የክረምቱ ጨለማ ገባ በቃ።

ጥቅምት 27፣ ረቡዕ

የአሜሪካ ምርጫ ማግስት። ሥራ ቦታ ማንም ማንንም አላየም። ማታ ምንም አልነካሁም።

ኅዳር 1፣ እሑድ

ከባሕር ዳሩ ሐኪም ጋር ተገናኘን። ባለፈው ዓመት ክልሉ ኢንተርኔት ተዘግቶበት በከረመ ጊዜ ብቻውን ሲሠራ ነበር። የሚገርመው፣ ከድሮ መጽሐፍ ተምሮ የራሱን ጊት ከፍቷል፤ የወራት ሥራ፣ በየቀኑ በትንሽ በትንሹ ኮሚት የተደረገ። ከሁላችንም ንጹሕ ታሪክ።

የሱ ሪፖ ከኛው ጋር አልዋሐድም አለ። የሱና የኛ ዝርዝር አንድ ወላጅ ኮሚት የላቸውም፤ ጊት «የማይዛመዱ ታሪኮች» ብሎ ይመልሳል። ከ2.9 እትም ወዲህ እንዲህ ነው፤ በስህተት ሁለት የማይገናኙ ሪፖዎች እንዳይደባለቁ። ሆን ተብሎ ነው የሚል ትእዛዝ ሲጨመርበት ይቀበላል። ለጋሼ በስልክ ስነግራቸው «የማይዛመዱ? እኔኮ የአባቱን የጎንደር ክፍል ጓደኛ ነኝ» አሉ። እውነት ይሁን ቀልድ አልጠየቅሁም።

የኮምፒውተሩ ባትሪ ደክሞ ግማሹ ኮሚት እ.ኤ.አ. 2010 ይላል። ያኔ ተማሪ ነበር። አልነካነውም። ቀኑን ለማስተካከል ታሪኩን እንደገና መጻፍ ይጠይቃል፣ ሃሾቹ ሁሉ ይለወጣሉ።

የሱ ዝርዝር አንድ ትልቅ ፋይል ነው። ነርሷ ወደየፊደሉ ታድለዋለች።

ኅዳር 7፣ ቅዳሜ

ነርሷ ጨረሰች። ሁለቱን ዝርዝር መርጅ አደረግናቸው (አዋሐድናቸው)። ግጭት የለም። ሁለት ሺህ የሚጠጋ መስመር፣ አንድም ግጭት የለም። ኢንጂነሩ አጨበጨበ።

ማታ ቤት ስገባ የማይመስል ነገር ሆነብኝ። በመስመር መጨረሻ ምልክት ሲጮህ የከረመ ነገር አሁን እንዴት ዝም አለ? «ሀ» ፋይልን ከፈትኩ። «ህመም» አለ፤ የባሕር ዳሩ የጻፈው፣ የሚሰማውን፣ የሚቆረጥመውን፣ የሚወጋውን። «ሐ»ን ከፈትኩ። «ሕመም» አለ፤ ጋሼ የጻፉት፣ በሽታው ራሱ። «ህክምና» እና «ሕክምና»። «ሀኪም» እና «ሐኪም»። «ሀሞት» እና «ሐሞት»፤ ፍቺያቸውም አይገጥምም፣ አንዱ ከረጢቱን ይላል አንዱ ፈሳሹን።

የተለያየ ፋይል ውስጥ ስለሆኑ ለጊት የሚጋጭ የለም።

ሃርበርቪው ሆስፒታል ወይም የትም፣ አስተርጓሚዋ፣ ሐኪሙ «ከ0 እስከ 10 ሕመምህ ስንት ነው?» ሲል ስልኳን ከፍታ ብትፈልግ ግማሹን ታገኛለች። የትኛውን ግማሽ እንደምታገኝ የሚወስነው ኪቦርዷ ነው።

ለማንም አልነገርኩም ገና። ነርሷ ቤት ልጁ ታሟል።

ኅዳር 8፣ ለሰኞ አጥቢያ

አሁንም አልተኛሁም። ሁሉንም ወደ «ሀ» ማዞር? ጋሼ ይሞታሉ። ሁሉንም በግዕዙ ሥር ማድረግ? የባሕር ዳሩም አዲስ አበባዋም እንደዚያ አይጽፉም፣ ፈላጊውም እንደዚያ አይፈልግም። እኔ ራሴ በአንድ ኢሜይል ውስጥ ሁለቱንም እጽፋለሁ።

ኅዳር 10፣ ማክሰኞ

ከምሽቱ ጀምሮ ነፋስ። እንደወትሮው ከደቡብ አይደለም፣ ከምሥራቅ፣ ከተራራው። መብራት ብልጭ ድርግም፣ ተመለሰ። መንገድ ማዶ ያለው ጥድ ባላየው ይሻለኛል። ሳይረን። ቦምብ ሳይክሎን ነው የሚሉት።

ሰርቨሩ መልስ አይሰጥም።

ኅዳር 11፣ ረቡዕ

ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ደንበኛ ያለ መብራት። ቤልቪው፣ ኢሳኳ፣ ከሐይቁ ምሥራቅ ያለው ሁሉ ክፉኛ ተመትቷል። ሰው ሞቷል፣ ዛፍ ቤት ላይ ወድቆ። ዛፎቹ ሥር የሰደዱት የደቡቡን ነፋስ ለምደው ነው ይላሉ።

ኢንጂነሩ መኪና ውስጥ ስልኩን ቻርጅ እያደረገ ደወለ። ቤተሰቡ ደኅና። ምድር ቤቱ ጨለማ፣ መንገዱ በዛፍ ተዘግቷል። «ሪፖው…» ሲል ተወው አልኩ። ልጆቹን ወደ ዘመድ ወስዷል።

ማታ አዲስ አበባዋ ቴሌግራም ላይ መጣች። የመጨረሻውን ኮሚት ሃሽ ላኪልኝ አልኳት። የመጀመሪያዎቹን ሰባት ምልክት ላከች። ከኔ ጋር አንድ። የባሕር ዳሩም አንድ። ያቺ መለያ ከገጠመች በታች ያለው ሁሉ ይገጥማል፤ ሃሹ የሚሠራው ከይዘቱ፣ ከጸሐፊው፣ ከቀኑና ከወላጁ ኮሚት ሃሽ ጭምር ስለሆነ። ሙሉው ታሪክ በሦስት ከተማ እኩል አለ። ሰርቨሩ ለመገናኛ ነበር እንጂ መያዣው እሱ ብቻ አልነበረም።

ይሄንን በቃል አውቀው ነበር። ዛሬ ግን እንቅልፍ ሰጠኝ።

ኅዳር 12፣ ሐሙስ

ኢሳኳ አሁንም ጨለማ። አዲስ አበባ ኅዳር ሚካኤል፤ ቆሻሻው ተሰብስቦ ይቃጠላል፣ ጭሱ እስከ ቢሯችን ገብቷል አለችኝ። ኅዳር ሲታጠን። የ1911ዱ የኅዳር በሽታ ማስታወሻ።

በሽታው ዝርዝራችን ውስጥ አለ? ፈለግሁ። አለ። «የኅዳር በሽታ»፣ ከኢንፍሉዌንዛ ጋር ተያይዞ፣ በጋሼ። ራስ ቃሉ «ኅዳር» ስለሆነ ያለው «ኀ» ፋይል ውስጥ፣ ከ«ቸ» ቀጥሎ። የባሕር ዳሩ ዘንድ «ህዳር»፣ «ሀ» ውስጥ። አዲስ አበባዋ ደግሞ ዛሬ ጠዋት በጭሱ መካከል «ሕዳር» ብላ አዲስ እንደጻፈች ነገረችኝ። ሦስት ፋይል። ሦስቱም ትክክለኛ ፍቺ።

ሳቅሁ፣ ብቻዬን።

ኅዳር 15፣ እሑድ

የነቢያት ጾም ገባ። ኢንጂነሩ መብራት አገኘ፤ ዴስክቶፑ ግን አልነሳም ብሏል። ለጊዜው ጊትሀብ ላይ አስቀመጥነው። «ለጊዜው» የሚለውን ደጋግሞ ተናገረ።

በፓስወርድ መግባት አይቻልም፤ እ.ኤ.አ. ከኦገስት 13፣ 2021 ወዲህ ለጊት ሥራ ፓስወርድ አይቀበሉም፣ ቶክን ወይም ኤስኤስኤች ቁልፍ ነው። ቁልፉ ጥንድ ነው፤ አንዱ ለሰው የሚሰጥ፣ አንዱ ከላፕቶፑ የማይወጣ። አስረዳሁ። ነርሷ ሁለቱንም ቴሌግራም ግሩፑ ላይ ለጠፈች። ልጇ ጮኸ። አዲስ ጥንድ ተሠራ።

ስለ ድርብ ቃላቱ ዛሬ ነገርኳቸው። ዝምታ። ከዚያ ሁሉም በአንዴ።

ኅዳር 19፣ ሐሙስ

ታንክስጊቪንግ። ጾም ስለሆነ ተርኪው ለልጆቹ። ዝናብ፣ እውነተኛው የሲያትል ዝናብ፣ ቀስ ያለ።

ልጁ ተርኪውን በልቶ ስክሪፕት ጻፈ። ሀ፣ ሐ፣ ኀን አንድ አድርጎ፣ ሰና ሠን፣ አና ዐን፣ ጸና ፀን አንድ አድርጎ፣ ከዚያ ራስ ቃላቱን ያነጻጽራል። ብዙ ወጣ። ከምገምተው በላይ። «ዓይን»፣ «ዐይን» እና «አይን» ሦስቱም አሉ።

ጋሼ ከጀርባው ቆመው አዩ። ፊታቸው ተለወጠ። «ፊደላችንን ልትቀንስ ነው?» ልጁ «አይ፣ አንተ፣ ለማየት ብቻ ነው፣ ፋይሉን አይነካም» አለ። አመኑት አላመኑትም አላውቅም። ወንበር ስቦላቸው በየመስመሩ አሳያቸው። ቀስ እያለ፣ እያንዳንዷን ቃል ጮክ ብሎ እያነበበ። እሳቸው ንባቡን ያርማሉ፣ እሱ ዝርዝሩን ያርማል። ኩሽና ገብተን ተውናቸው።

ኅዳር 22፣ እሑድ

የልጁ ስክሪፕት እሱ ጋ ይሠራል፣ ሌላ ማንም ጋ አይሠራም። ኮሚት ከመደረጉ በፊት የሚፈትሽ ሁክ አድርጎ ነው ያስቀመጠው። ሁክ የሚቀመጥበት ፎልደር ግን በክሎን አይወረስም። የጊት ሰዎች ይሄን ሆን ብለው ነው ያደረጉት፤ ሪፖ ስታወርድ የሰው ፕሮግራም ሳታውቅ ላፕቶፕህ ላይ እንዳይሮጥ። አዲስ አበባዋ ትናንት ብቻ ሌላ ድርብ ጨምራለች። ስክሪፕቱን ሪፖው ውስጥ አስገብተን እያንዳንዱ ሰው አንድ ጊዜ እንዲያበራው ተባለ። ጋሼ ላፕቶፕ ላይ እኔ ማብራት አለብኝ።

ኅዳር 27፣ ዓርብ

ለማብራት ሄድኩ። ጋሼ ሌላ ነገር አስበዋል።

«ልጄ፣ ይሄ ነገር ያጠፋሁትን ሁሉ ይዞታል?»

ይዞታል አልኩ።

«ስሜ ከጎኑ?»

አዎ።

ታሪክ እንደገና የሚጻፍበት መንገድ እንዳለ ነገርኳቸው፤ ግን ክሎን ያደረገ ሁሉ የድሮውን ይዟል፣ የባሕር ዳሩም ሁሉም። ዝም አሉ። አንድ ቦታ ላይ የመድኃኒት መጠን ተሳስተው እንደነበር አወቅሁ፤ «በቀን ሦስት ጊዜ» የነበረው በማግስቱ «በሦስት ቀን አንዴ» ሆኖ ታርሟል። ያረሙት ራሳቸው ናቸው። ስህተቱ ማንም ሳያየው አልፏል። እሳቸው ግን ያዩታል። በየማታው ከፍተው ያዩታል መሰለኝ።

ምን እንደምል አላወቅሁም። መታረሙም ከነስምዎ ተጽፏል አልኩ። «እሱንስ ማን ያነበዋል» አሉ። ሁኩን አበራሁ፣ ሻይ ጠጣን፣ ስለ ጎንደር አወሩ፤ ስለ አንድ ወንዝ፣ በበቅሎ ስለተሻገሩት። አውቶቡስ 7 ዘገየ።

ታኅሣሥ 5፣ ቅዳሜ

ቤተ መጻሕፍቱ፣ ሙሉ ጉባኤ፣ ሁለቱ ከአገር ቤት በስክሪን። ሁለት ሰዓት ስለ «ሐ»።

ነርሷ፦ ሰው የሚጽፈው በቀለለው ነው፣ እኛም በቀለለው። የባሕር ዳሩ፦ ተማሪዎቼ ሐን ከሀ አይለዩም፣ አልፈርድባቸውም። አዲስ አበባዋ የሚመጣውን ሁሉ ተቀበለች። ኢንጂነሩ ስለ ሰርቨሩ ሊያወራ ሞከረ።

ጋሼ የተናገሩት መጨረሻ ላይ ነው። በልጅነታቸው የኔታ ዘንድ ትርጓሜ ሲሰሙ አንዱ ሊቅ የተናገረው ሌላው ስላልተስማማበት አይጣልም፤ «አንድም» ተብሎ ከጎኑ ይቆማል። ስለዚህ ራስ ቃሉ በሥሩ ይጻፍ፣ ሌላው አጻጻፍ ከሥሩ ይሰለፍ፣ ፍቺውም ሁለት ከሆነ ሁለቱም ይቁም፣ የጻፈው ሰው ስሙ ይኑር። ነርሷ «ታዲያ ፈላጊው?» አለች። ልጁ፦ ፍለጋው ሁሉንም አንድ አድርጎ ያያል፣ በየትኛውም ብትጽፊ ያመጣልሻል።

የተስማማን መሰለኝ። ድምፅ አልተሰጠም። የባሕር ዳሩ መስመር ተቋረጠ፣ ምን እንዳለ አልሰማንም። እኔ ግን ልንነጋገርበት የሚገባ አንድ ነገር ቀርቷል እላለሁ፤ ሥሩ ራሱ የሚያከራክርስ? ጋሼ «ያኔ ይደወልልኝ» አሉ። ይሄ ሥርዓት ነው ወይስ አንድ ሰው? በሰማንያ ዓመታቸው።

ታኅሣሥ 8፣ ማክሰኞ

ጋሼ ማንም ሳይረዳቸው የመጀመሪያ ኮሚታቸውን ፑሽ አደረጉ። ከቤታቸው፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት። የኮሚቱ መልእክት ገጽ ሙሉ፦ ለተከበራችሁ የሥራ ባልደረቦቼ ብሎ ይጀምራል፣ ስለ ጤናችን ይጠይቃል፣ ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ሥራው ይመጣል።

«ሕመም» ላይ ነው። ከባሕር ዳሩ እርማት ጋር ተጋጭቶባቸዋል፤ እውነተኛ ግጭት፣ አንድ ፋይል፣ አንድ መስመር። ጊት እንደ ደንቡ ሁለቱን በምልክት ከፋፍሎ አስቀምጦላቸዋል፤ ላይ ሰባት ቀስት ወደ ግራ፣ መሃል እኩል ምልክቶች፣ ታች ሰባት ቀስት ወደ ቀኝ። አንዱን መርጠው ምልክቶቹን መሰረዝ ነበረባቸው። አልሰረዙም። ሁለቱንም ከነቀስቱ ትተው፣ በየመሃሉ «አንድም» ብለው ጽፈው፣ ሴቭ፣ ኮሚት፣ ፑሽ። ጊት ደግሞ ሰው ካስገባው ተፈትቷል ብሎ ያምናል። ንጹሕ ገብቷል። የልጁ ሁክም አላጉረመረመም፤ ድርብ ቃል ነው የሚፈልገው እንጂ ቀስት አይደለም።

የባሕር ዳሩ ጠዋት አይቶት «ይሄ የጋሼ አዲስ ሥርዓተ ነጥብ ነው?» ብሎ ጻፈ። ከዚያ በራሱ መስመር ላይም አንድ ቀስት ጨመረ። ቀልዱን ልጁ አልገባውም፣ ቀስት የሚከለክል ሌላ ሁክ ልጻፍ ወይ ይላል። ጻፍ አልኩት። ግን ከመጻፍህ በፊት ደውልላቸው፣ አንተ ራስህ።